የጃፓን ማስታወቂያ ላይ የሰማሁትን ዘፈን ፈልጉልኝ

ሰሃን አጣቢው
ሰላም ለሁላችሁ። ናጎያ ነው ያለሁት፣ ተማሪ ነኝ። ማታ ማታ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ ሰሃን አጥባለሁ። ቴሌቪዥኑ ያለው እንግዶቹ የሚቀመጡበት በኩል ነው፤ እኔ ጓዳ ነኝ። ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ የጃፓንን ቴሌቪዥን ያየሁት በጆሮዬ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ዘፈን ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። ማስታወቂያ መሆን አለበት፣ ቶሎ ያልቃል። የምትዘፍነው ሴት ናት። ዝግ ያለ ነው። ድምጿ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ቁርጥ ትዝታ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ሰሃኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አለቃዬ "ምን ሆንክ?" አሉኝ። ስንኟ "ዴሾ" በምትል ቃል ያልቃል። ከዚያ ብርጭቆ ውስጥ የሆነ ነገር ቅጭል ይላል። ያለኝ መረጃ ይሄው ነው። በስልክ ቅዳው እንዳትሉኝ፣ እጄ ሁልጊዜ ሳሙና ነው።

ቶኪዮ ማዶ
ሳቄ መጣ ወንድሜ። "ዴሾ" ማለት "አይደል?" እንደማለት ነው። ጃፓኖች ወሬያቸውን ግማሹን የሚዘጉት በእሷ ነው። በእሷ ዘፈን መፈለግ ማለት መርካቶ መሃል ቆሞ "ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ አይታችኋል?" ማለት ነው።

ከጓዳ ብቅ ብትል ኖሮ እኮ መልሱ ስክሪኑ ላይ ተጽፎልህ ነበር። እዚህ አገር ማስታወቂያ ውስጥ የታወቀ ዘፈን ከገባ ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል የዘፈኑና የዘፋኙ ስም ይወጣል። አሠራሩን "ታይ አፕ" ይሉታል። ኩባንያው ዜማውን ያገኛል፣ ዘፋኙ ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ በየሰው ሳሎን ይገባል። እዚህ አዲስ ነጠላ ዜማ ሲወጣ ሰው የሚጠይቀው "የምን ታይ አፕ ነው?" ብሎ ነው። የድራማ፣ የአኒሜ ወይስ የማስታወቂያ?

ከቅርቦቹ የማውቃቸውን ልጥራልህ፣ አንዱ ከሆነ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። የኬንሺ ዮኔዙ "ሌዲ" በ2023 ጆርጂያ የሚባለው የጣሳ ቡና ማስታወቂያ ነበር። በዓመቱ ለዚያው ቡና "ማይኒቺ" የሚል ሌላ ሠራ፤ "በየቀኑ" ማለት ነው። የፉጂ ካዜ "ኪራሪ" በ2021 ለሆንዳ ቬዜል መኪና ነው። ሚሴስ ግሪን አፕል የሚባሉት ልጆች በ2023 "ማጂክ"ን ለኮካ ኮላ ሰጡ። ዮአሶቢ በዚያው ዓመት "አድቬንቸር"ን ኦሳካ ላለው ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ መዝናኛ። ከእነዚህ ሴት የምትዘፍነው የመጨረሻው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ሩጫ እንጂ ዝግ ያለ አይደለም። ስለዚህ አልረዳሁህም ማለት ነው።

ሰሃን አጣቢው
"ኪራሪ"ን አውቀዋለሁ! የመኪና መሆኑን ግን አሁን ገና ሰማሁ። ሌሎቹንም ከፈትኳቸው፣ አይደሉም። አመሰግናለሁ እህቴ።

ዲሲ ታክሲ
ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ነገር ዘፈኑን አያረክሰውም? ዘፋኝ አምጦ የወለደውን ዜማ ለጣሳ ቡና ይሸጣል? ለመኪና? እኔ የምወደው ዘፋኝ ለሳሙና ሲዘፍን ብሰማ ያን ቀን ከስልኬ አጠፋዋለሁ። ጃፓኖቹ አይናደዱም እንዴ?

ቶኪዮ ማዶ
አይናደዱም። እንደውም ታይ አፕ ሲያገኝ ደጋፊዎቹ "እንኳን ደስ አለህ" ይሉታል።

ክራር በአምስት
ዲሲ፣ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ግን ከኋላ ጀምረኸዋል። አንተ የምታስበው ዘፈኑ መጀመሪያ ተሠርቶ ከዚያ ተሸጠ ብለህ ነው። እዚያ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው ነው የሚቀድመው። "እንዲህ ያለ ዕቃ አለን፣ ይሄን ዓይነት ስሜት እንፈልጋለን" ይባልና ዘፋኙ በዚያ ላይ ይጽፋል። የዮኔዙ "ሌዲ" እንደዚያ የመጣ ነው። ሰርግ ላይ ዝፈን ተብሎ እንደታዘዘ አዝማሪ አስበው። አዝማሪ ታዞ በመዝፈኑ ማን ነውረኛ ነው ብሎት ያውቃል?

እኔን የሚገርመኝ ግን ገንዘቡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። የጃፓን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ በአብዛኛው 15 ሰከንድ ነው። 30 ሰከንድ ካገኘህ ሰፊ ሜዳ ነው። አሁን አስሉት። በደቂቃ 120 ምት የሚሄድ ዘፈን በ15 ሰከንድ ውስጥ 30 ምት ብቻ ነው ያለው። በአራት አራት ስትመታው ስምንት ቤት እንኳ አይሞላም። በዚያች ውስጥ ሰው ልብ ውስጥ መግባት አለብህ። መግቢያ የለ፣ ማሲንቆ መቃኘት የለ፣ "እስቲ ልጀምር" የለ። ቀጥታ አዝማች!

እንዲያውም አዝማቹን ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ? "ሳቢ"። እውነቴን ነው፣ በጃፓንኛ ሳቢ ነው የሚባለው። ምንም ዝምድና የለውም፣ ግጥጥሞሽ ነው፤ ግን አማርኛችን ራሱ ከዚህ የተሻለ ስም አያወጣለትም። ብዙ የጃፓን ዘፈን ሲጀምር ወዲያው ከሳቢው የሚነሳበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሰውየው ማስታወቂያ ላይ የሰማውን ዘፈን ሲከፍት ያንኑ ወዲያው ማግኘት አለበት፣ አለበለዚያ "ተሳስቻለሁ" ብሎ ይዘጋዋል።

ዱባይ ሦስተኛ ፎቅ
"ሳቢ" 😂 ዛሬ ለባለቤቴ እነግራታለሁ።

ካሴት ሻጭ ነበርኩ
እኔ በ80ዎቹ ፒያሳ ካሴት እሸጥ ስለነበር በዚህ ርዕስ ዝም ማለት አልችልም። ማክሴል ካሴትን የማያስታውስ አለ? ታትሱሮ ያማሺታ የሚባለው ዘፋኝ በሰው ዘንድ የታወቀበት "ራይድ ኦን ታይም" በ1980 የወጣው የማክሴል ካሴት ማስታወቂያ ሆኖ ነው። ሰውየው ራሱ ማስታወቂያው ላይ ወጥቷል። ባዶ ካሴት ለመሸጥ የተዘፈነ ዘፈን በካሴት ተሸጠ ማለት ነው። እኛ ያኔ ባዶውን ካሴት ብቻ ነበር የምናውቀው።

አሁን ናጎያ ላለው ልጅ አንድ ነገር። ይሄው ያማሺታ "ክሪስማስ ኢቭ" የሚል ዘፈን በ1983 አወጣ። እንደነገሩ ሄደ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1988 የማዕከላዊ ጃፓን የባቡር ኩባንያ የሺንካንሰን፣ የፈጣኑ ባቡር፣ ማስታወቂያ አደረገው። ለገና ሰሞን ነው፤ ፍቅረኛሞች ባቡር ጣቢያ ውስጥ ይገናኛሉ፣ አለቀ። ስለ ባቡሩ ፍጥነት አንድ ቃል የለም። በ1989 ዘፈኑ የሰንጠረዡ አንደኛ ሆነ፣ ከወጣ ከስድስት ዓመት በኋላ! በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲመጣ ተመልሶ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል። በ2016 ለ30 ተከታታይ ዓመታት መቶዎቹ ውስጥ በመግባቱ ጊነስ መዝግቦለታል። የ1989ኙ ፊልም የተቀረጸው ደግሞ የት መሰላችሁ? ናጎያ ባቡር ጣቢያ። ልጅቷ ስጦታ ታቅፋ እየሮጠች መጥታ ምሰሶ ጀርባ የምትደበቅበት ነው። አንተ በየቀኑ በዚያ ሳታልፍ አትቀርም፤ ሕንጻው ግን ተለውጧል።

የምትፈልገው ይሄ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ይሄ ወንድ ነው። ግን ሳልናገር ብቀር ያመኝ ነበር።

ዲሲ ታክሲ
እሺ፣ የባቡሩ ደስ ይላል። የጣሳ ቡናውን ግን ገና አልተቀበልኩም።

ቶኪዮ ማዶ
ቆይ ቆይ። ሴት፣ ዝግ ያለ፣ ብርጭቆ። "ስዊት ሜሞሪስ" ይሆን እንዴ? የሴይኮ ማትሱዳ። በ1983 የሳንቶሪ የጣሳ ቢራ ማስታወቂያ ነበር፣ በሥዕል የተሠሩ ፔንግዊኖች ቡና ቤት ውስጥ ሆነው ያለቅሳሉ። ታሪኩ ያስቃል። ያኔ ሴይኮ የታወቀች የወጣቶች ኮከብ ነበረች፤ ማስታወቂያው ላይ የገባው ግን እንግሊዝኛ የምትዘፍንበት ክፍል ነው፣ ስሟም አልተጻፈም። ሰው ሁሉ "ይቺ ማን ናት?" ማለት ጀመረ። በኋላ ስሟ ሲወጣ አገር ጉድ አለ። ዘፈኑ እኮ የነጠላው ሸክላ ጀርባ ላይ የነበረ ነው፤ በፔንግዊን ጉልበት ወደ ፊት መጣ።

በነገራችን ላይ ቢራ ብዬ አስታወስኩ። እኛ አገር በ2011፣ ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ በወጣው አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወርዷል አይደል? እዚህ ገና አለ። ከሚያምሩት ዘፈኖች ብዙዎቹም እዚያው ናቸው።

ሰሃን አጣቢው
ከፍቼ ሰማሁት። አይደለም። ግን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት፣ አሁን ሁለት ዘፈን ነው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው። የእኔዋ ድምጿ በሳል ነው፣ ትልቅ ሴት ናት። እያባበለች የምትጠይቅ ነው የሚመስለው። እንግሊዝኛ የለበትም። ክራር የምትለው ወንድሜ፣ ትዝታ ይመስላል ያልኩት እብደት ነው እንዴ?

ክራር በአምስት
እብደትስ አይደለም። የቆየው የጃፓን ዘፈን፣ ኤንካ የሚሉት፣ "ዮናኑኪ" በሚባል ቅኝት ነው በብዛት የሚሠራው። "ዮ" አራት፣ "ና" ሰባት፣ "ኑኪ" መንቀል። አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ የተነቀሉበት ማለት ነው። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ይቀራል። ይሄ ምንድነው? ቁጭ ያለ ትዝታ ሜጀር። ማይነሩም ያው ነው፤ ሚውንና ላውን ግማሽ ዝቅ አድርገህ ምታው፣ የእኛ ትዝታ ማይነርና የእነሱ ዮናኑኪ ማይነር በድምፅ ቁጥር አንድ ናቸው። እኔ ክራሬን ሳልቃኝ ከኤንካ ጋር እመታለሁ። ጎረቤቶቼ ምን እንደሚሉ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ለይ። አንዳንዴ ትዝታ የሚመስልህ ቅኝቱ ሳይሆን የድምፁ አጨዋወት ነው። ኤንካ ዘፋኞች ድምፃቸውን የሚያሽከረክሩበት "ኮቡሺ" የሚሉት ነገር አላቸው። እኛ ቅላፄ የምንለው ዓይነት። ዜማው ጃዝም ቢሆን ኤንካ የለመደ ጉሮሮ ከዘፈነው ትዝታ ትዝታ ሊልህ ይችላል። ስለዚህ የኤንካ ዘፋኝ ፈልጉ ነው የምለው።

ዱባይ ሦስተኛ ፎቅ
ይቺ ክር ትምህርት ቤት ሆነች እኮ። አለቃህን ለምን አትጠይቅም ግን?

ሰሃን አጣቢው
አንዴ ሞክሬ ነበር። ዜማውን አንጎራጎርኩላቸው። ሆዴን ያመመኝ መስሏቸው ሻይ አፈሉልኝ።

ጋሽ ኮቤ
ልጆች፣ ከመጀመሪያው እያነበብኩ ነው። ከ1987 እስከ 1994 ኮቤ ነበርኩ፣ ቡና በማስገባት ሥራ። ስለዚህ ጥቂት ላውራ፣ መልሱንም ይዣለሁ፣ አትቸኩሉ።

የማስታወቂያ ዘፈን ስትሉ ለእኔ የዘመን ሰዓት ነው። ገንዘብ እንደ ጉድ በሚፈስበት ጊዜ በ1989 ሪጌን የሚባል የማነቃቂያ መጠጥ ማስታወቂያ ወጣ። "24 ሰዓት መዋጋት ትችላላችሁ?" እያለ እንደ ወታደር ሰልፍ ይዘፈናል፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ሻንጣ ይዞ ዓለምን ይዞራል። የቢሮ ሰው ሁሉ ማታ ጠጥቶ ይዘፍነው ነበር። ያኔ እየሳቅን ነው የምንሰማው። ከዚያ ኢኮኖሚው ወደቀ፣ ያ ዘፈን ማንንም አላስቅ አለ። አሁን በአዲሱ ዘመን የቡና ማስታወቂያ "በየቀኑ፣ በየቀኑ" እያለ ድካም ሲዘፍን ስሰማ የሪጌን የልጅ ልጅ ይመስለኛል።

ዲሲ ያለኸው ልጄ፣ ስለ መርከስ ላነሳኸው ደግሞ። እነሱ ይሄን የጀመሩት የንግድ ሬዲዮ በጀመረበት ዓመት ነው። በመስከረም 1951 እዚያው ናጎያና ኦሳካ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የንግድ ሬዲዮ ጣቢያዎች ተከፈቱ። የመጀመሪያው የማስታወቂያ ዘፈን ተብሎ የሚቆጠረውን በዚያው ዓመት ቶሪሮ ሚኪ የሚባል ሰው ለአንድ የፎቶ ፊልም አምራች ሠራው። ፎቶ ማንሳት ስለማይችል ጀማሪ ነው የሚያወራው። የኩባንያው ስም ግን ዘፈኑ ውስጥ አንዴም አይጠራም። አንዴም! እኛ አገር ቢሆን የዕቃውን ስም አሥር ጊዜ ካልጠራህ ማን ይከፍልሃል? እነሱ ከመጀመሪያው ዘፈኑን እንደ ዘፈን ነው የያዙት።

ሂታቺ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ኩባንያ የዛፍ ማስታወቂያም አስቡ። ከ1973 ጀምሮ ነው። አንድ ትልቅ ጃንጥላ የመሰለ ዛፍ ይታያል፣ "ይሄ ዛፍ ምን ዛፍ ነው" ተብሎ ይዘፈናል። ስለ ፍሪጅ የለ፣ ስለ ሊፍት የለ። ዜማው የአሴይ ኮባያሺ ነው። ዛፉ ሃዋይ ነው ያለው፣ ሆኖሉሉ አጠገብ ሞዋናሉዋ የሚባል የአትክልት ቦታ። ኩባንያው ለዛፉ ምስል በዓመት 400,000 ዶላር ገደማ እንደሚከፍል ተዘግቧል። ለዛፍ ኪራይ! ዘፈን የማያውቅ ጃፓናዊ ሕፃን ያንን ያውቃል።

እንግዲህ ወደ ልጃችን። የምትፈልገው ዘፈን ስሙ "ውስኪ ይወዳሉ፣ አይደል?" ነው። በእነሱ "ዊስኪ ጋ ኦስኪ ዴሾ"። ያቺ "ዴሾ" እሷ ናት። ዘፋኟ ሳዩሪ ኢሺካዋ፣ ክራር የሚለው ልጅ እንዳለው የኤንካ ንግሥት። በ1990 ለአንድ የሳንቶሪ ውስኪ ማስታወቂያ ነው የዘፈነችው። በነጠላ ዜማ የወጣው በዓመቱ ሲሆን ስሟን በኤንካ ስሟ ሳይሆን "ሳዩሪ" ብላ ብቻ ነው ያወጣችው፣ ምክንያቱም ዜማው ጃዝ ነው። እና ልጄ፣ ትዝታ አይደለም። ትዝታ ያስመሰለብህ የሴትየዋ ጉሮሮ ነው።

ሰሃን አጣቢው
ጋሼ ይህን ያህል እርግጠኛ ከሆኑ አሁኑኑ እከፍተዋለሁ።

ሰሃን አጣቢው
እሷ ናት!!! እሷው ራሷ ናት። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ።

ክራር በአምስት
እኔም ከፈትኩት። ጋሼ ልክ ናቸው፣ ቅኝቱ ፈጽሞ አይደለም። በየመሃሉ የሚሾልኩ ግማሽ ድምፆች አሉት፣ በአምስት አውታር ላይ አይወጣም። ጉሮሮዋ ግን... አንተ ሰሃን ይዘህ መቆምህ አይገርምም።

ቶኪዮ ማዶ
ጋሽ ኮቤ፣ እርስዎ እያሉ እኔ ፔንግዊን ውስጥ ስዋኝ! አሁን እኮ በየጊዜው የሚያጫውቱት ካኩቢን ለሚባለው የሳንቶሪ ውስኪ ሃይቦል ነው። ከ1990ው ይልቅ ለእኔ ዕድሜ ሰው የሚታወቀው በእሱ ነው። ሌሎች ዘፋኞችም እየተቀባበሉ ዘፍነውታል። ግን 18 ዓመት ምናምን የቆየ ዘፈን እንደገና ለምን አወጡት?

ጋሽ ኮቤ
ልጄ፣ ውስኪ እዚያ ሞቶ ነበር። በ1983 ጣሪያ ነክቶ ከዚያ ለ25 ዓመት ያህል ወረደ፣ የሽማግሌ መጠጥ ተባለ። እኔ ስመጣ ወጣቱ ቢራ ነበር የሚጠጣው። በ2008 አካባቢ ሳንቶሪ ውስኪውን በሶዳ አቅጥኖ፣ በረዶ ሞልቶ፣ እንደ ጃምቦ ብርጭቆ ጆሮ ባለው አድርጎ በየምግብ ቤቱ አስገባው። ሃይቦል። ለአዲስ መጠጥ አዲስ ዘፈን አላሠሩም። ኮዩኪ የምትባለዋን ተዋናይ ከባንኮኒ ጀርባ አቁመው ያንን አሮጌውን መለሱት። አባትየው ሲሰማው ወጣትነቱ ትዝ ይለዋል፣ ልጁ ደግሞ አዲስ ይመስለዋል። እንግዲህ ዜማው ትዝታ ባይሆን ሥራው ትዝታ ነው።

ዲሲ ታክሲ
ጋሼ እጅ ሰጥቻለሁ። የጣሳ ቡናውን ግን ነገ አዳምጬ ነው የምወስነው።

ሰሃን አጣቢው
የመጨረሻ ሪፖርት። ዛሬ ማታ ሥራ ገብቼ ለአለቃዬ የዘፈኑን ስም ብቻ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ዝም ብለው አዩኝ። "ውስኪ ትወዳለህ እንዴ?" ብዬ የጠየቅኳቸው መስሏቸው ነው። ከዚያ ዘፈኑን ማለቴ እንደሆነ ሲገባቸው መጥበሻውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ዘፈኑልኝ፣ ከነኮቡሺው። ሁለት እንግዶች አጨበጨቡ።

ከዚያ ማጠቢያው ላይ የተቆለለውን ብርጭቆ አሳዩኝ። ጆሮ ያለው፣ ትልቅ፣ ወፍራም። ጎኑ ላይ የታተመውን ጽሑፍ እየጠቆሙ አነበቡልኝ። ካኩቢን ይላል። ስምንት ወር ሙሉ በየማታው ሳጥበው የኖርኩት እሱን ነው፤ ከባድ ስለሆነና እጄን ስለሚያንሸራትተኝ ስረግመው ነበር። ያ ቅጭል የሚለው ድምፅም በረዶው ነው፣ ከቴሌቪዥኑም ከባንኮኒውም ይመጣ ነበር ለካ።